ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት

ስልክ ወይም ታብሌት ኢንተርኔት እምቢ ሲል አብዛኛው ሰው ጥፋተኛ የሚያደርገው እጁ ላይ ያለውን ዕቃ ነው፤ ከዚያም ፎርማት ለማስደረግ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል። ነገር ግን መሣሪያው ከራውተሩ ወይም ከኔትወርክ ማማው፣ ራውተሩ ከመስመሩ፣ መስመሩም ከሚፈለገው አገልግሎት ጋር ካልተገናኘ ኢንተርኔት የለም። የትኛውም ቢቋረጥ ተጠቃሚው የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ገጹ አይከፈትም። ስለዚህ ከመጠገን በፊት የተቋረጠው የቱ ጋ እንደሆነ መለየት ይቀድማል።

ለመለየት ደግሞ ማነጻጸር ይበቃል። በዚያው ዋይፋይ ሌላ ስልክ ከሠራ ችግሩ የመሣሪያው ነው፤ ሁለቱም እምቢ ካሉ ራውተሩን ወይም መስመሩን መጠርጠር ነው። አንድ አፕ ብቻ አስቸግሮ ሌላው ሁሉ ከተከፈተ ጥፋቱ የአፑ ወይም የአገልግሎቱ ነው። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ መሆኑ አያታልል፤ ምልክቱ ከራውተሩ የሚመጣውን ሲግናል እንጂ ከራውተሩ ወዲያ ያለውን መስመር አያሳይም። አይፎን ወይም አይፓድ ላይ የአይፒ አድራሻው በ169.254 ከጀመረ ደግሞ መሣሪያው ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ካልሆነም ዋይፋዩን ከስልኩ ሰርዞ የይለፍ ቃሉን እንደገና ማስገባት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

እኛ አገር በተለይ መታየት ያለበት የስልኩ ቀን ነው፤ በእጅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው አለና። ደህንነቱ የተጠበቀ ድረ ገጽ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ዲጂታል ሰርተፍኬት አለው፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች በይፋዊ ሰጪዎች የሚወጣን አዲስ ሰርተፍኬት ከ398 ቀን በላይ ዕድሜ ካለው አይቀበሉም። የስልኩ ዓመት ሰባት ወይም ስምንት ወደኋላ ሲቀር ሰርተፍኬቱ ገና ያልጸና ይመስለዋል፤ ሲግናል ሞልቶ፣ ፓኬጅ ተገዝቶ፣ ገጹ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። መፍትሔው ቀንና ሰዓቱን አውቶማቲክ ማድረግ ብቻ ነው።

«ይህን ሁሉ ከማሰብ አጥፍቶ ማብራት አይቀልም?» የሚል ይኖራል። ይቀላል፤ መጀመሪያ መሞከር ያለበትም እሱ ነው። ኤርፕሌን ሞድን ለጥቂት ሰከንድ አብርቶ ማጥፋትም ስልኩን ከማማው ጋር እንደ አዲስ ያገናኘዋል። ችግሩ እየተመላለሰ ከመጣ ግን ማጥፋትና ማብራት ምክንያቱን ሸፍኖ ያቆያል እንጂ አያስወግደውም። «ፎርማት ሁሉን ያጠራል» የሚለውም አያስኬድም፤ ፎርማት ከስልኩ ውጭ ያለን ብልሽት አይነካም፣ መጠባበቂያ ያልተያዘለትን ፎቶ ግን ይዞ ይሄዳል። ችግሩ የስልኩ መሆኑ ከተረጋገጠ የኔትወርክ ሴቲንግን ብቻ ወደነበረበት መመለስ ይቻላል፤ የሚጠፋው የተቀመጠ የዋይፋይ ይለፍ ቃልና የብሉቱዝ ግንኙነት እንጂ ፎቶ አይደለም። እንግዲህ ለጠጋኝ ከመክፈልዎ በፊት ከጎንዎ ያለውን ሰው ስልክ ተውሰው ያነጻጽሩ፤ ፎርማት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።