የአንበሳው መኖሪያና የሰው መኖሪያ፦ የትንሽ ከተማ ምክር ቤት የአየር ንብረትን ሒሳብ እንዴት ያሰላል?



የዛሬውን ንግግሬን በአንዲት ትንሽ ከተማ ውሳኔ እጀምራለሁ። ከተማዋ ውድሳይድ ትባላለች። በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ፣ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙም ሳትርቅ በደን በተሸፈኑ ኮረብቶች መካከል ትገኛለች። በ2020 ቆጠራ 5,300 ያህል ነዋሪዎች ነበሯት፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። በሰፋፊ ግቢዎቿ፣ በፈረስ መጋለቢያ መንገዶቿና በቴክኖሎጂ ባለጸጎቿ ትታወቃለች።

በጃንዋሪ 2022 መጨረሻ የከተማዋ አስተዳደር አንድ ማስታወቂያ አወጣ። መላዋ ከተማ የተራራ አንበሳ መኖሪያ ስለሆነች፣ በአዲሱ የቤቶች ሕግ መሠረት የሚቀርብ የግንባታ ማመልከቻ አንቀበልም የሚል ነበር። ሕጉ በተለምዶ ኤስቢ 9 ይባላል። ገዥው ጋቪን ኒውሰም በሴፕቴምበር 2021 የፈረሙት ሲሆን፣ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ በተከለለ ቦታ ላይ ይዞታውን ለሁለት በመክፈል እስከ አራት መኖሪያ ቤት መሥራትን ይፈቅዳል። የተጠበቁ የዱር እንስሳት የሚኖሩበትን መሬት ግን ከዚህ ፈቃድ ውጭ ያደርጋል። ከተማዋ የተጠቀመችው በዚህች ቀዳዳ ነበር።

የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሮብ ቦንታ ወዲያው ደብዳቤ ጻፉ። መላ ከተማን የአንበሳ መኖሪያ ለማለት የሚያበቃ መሠረት እንደሌለ፣ አስቀድሞ ቤት የተሠራበት መሬትም በትርጉሙ የዱር እንስሳ መኖሪያ እንዳልሆነ አስታወቁ። ከተማዋም ማስታወቂያውን በወጣ በቀናት ውስጥ ሻረችው።

በዚህ ታሪክ ብዙ ተሳቀ፤ እኔም ስቄአለሁ። ሆኖም የሳቀ ሁሉ ነገሩን ተረድቶታል ማለት አይደለም። በማዕከላዊውና በደቡባዊው የካሊፎርኒያ ጠረፍ ያሉት የተራራ አንበሶች እውነተኛ አደጋ ላይ ናቸው፤ በ2020 በግዛቲቱ ሕግ ጥበቃ ለማግኘት በዕጩነት ተመዝግበዋል። የሚያጠፋቸው ግን በዋናነት በአንድ ሰው ግቢ ውስጥ የሚሠራ ሁለተኛ ቤት አይደለም። የአንዱን አካባቢ አንበሶች ከሌላው የሚለያየው አውራ ጎዳና፣ የሚገጫቸው መኪና፣ በጠባብ ክልል ታጥረው እርስ በርስ በመራባት የሚደርስባቸው የዘር መመናመን ነው። ሎስ አንጀለስ አጠገብ በሀይዌይ 101 ላይ ለአራዊት መሻገሪያ የሚሆን ድልድይ በ2022 መሠራት የጀመረውም ስለዚሁ ነው።

ጎዳናውን የሚያረዝመው ምንድን ነው? ውድሳይድ ውስጥ የተከለከለ ቤት ከምድር ገጽ አይጠፋም፤ ቦታ ይለውጣል። ሠራተኛው ከባሕረ ሰላጤው አካባቢ ወጥቶ በማዕከላዊው ሸለቆ፣ እንደ ትሬሲና ስቶክተን ባሉ ከተሞች ይከራያል ወይም ይገዛል፤ ከዚያም በየማለዳው የአልታሞንትን ተራራ እያቋረጠ ወደ ሥራው ይነዳል። በካሊፎርኒያ ትልቁ የሙቀት አማቂ ጋዝ ምንጭ ደግሞ መጓጓዣ ነው፤ ድርሻው 40 በመቶ ገደማ ይሆናል። የበርክሌይ ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ጆንስና ዳንኤል ካመን በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአሜሪካ ቤተሰቦች የካርበን ልቀት ግማሽ ያህሉ የሚመነጨው ከከተማ ዳር ሰፈሮች መሆኑን አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ነው የማተኩረው። የከተማው ምክር ቤት በስብሰባው የሚቆጥረው በክልሉ ውስጥ የሚቆረጠውን ዛፍ ነው፤ ዛፉን በዐይኑ ያየዋል። ከድንበሩ ውጭ የሚወጣው ጭስ በማንኛውም ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ አይመዘገብም። ጭሱን የሚያስከትለው ውሳኔ እዚህ ተላልፎ፣ ሒሳቡ ሌላ ቦታ ይወራረዳል።

ይህን ሁሉ ግብዝነት ብለን እንለፈው ይሆን? እኔ አልስማማም። ዊልያም ፊሼል በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚያስረዱት፣ ለብዙ ቤተሰብ ቤቱ ያለው ሀብት ሁሉ ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል የሚክስ ኢንሹራንስ አለ፣ ሰፈሩ ተለውጦ ዋጋው ቢወድቅ ግን የሚክስ የለም። ስለዚህ ባለቤቱ ምክር ቤቱን እንደ ኢንሹራንሱ ይጠቀምበታል። ይህ ፍርሃት ነው፤ የአየር ንብረት ቋንቋ ደግሞ ፍርሃቱን በአደባባይ ለመናገር ክብር ያለው ልብስ ሆኖለታል። (ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ይህን መላምት እንዳለ ወደ ከተሞቻችን ለምታመጡ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ምክር ቤቱን የሚገፋው ፍላጎትም ሌላ ነው። ተከራዩ ከስብሰባው መቅረቱ ግን ሊመሳሰል ይችላል።)

ስለዚህ መቅረት የተሠራ ጥሩ ጥናት አለ። ካትሪን አይንስታይን፣ ዴቪድ ግሊክና ማክስዌል ፓልመር በ2019 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በቦስተን ዙሪያ ያሉ ከተሞችን የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች መርምረዋል። አስተያየት ሰጪዎቹ ከመራጩ ሕዝብ ይልቅ በዕድሜ የገፉ፣ ወንዶች፣ የቤት ባለቤቶችና ነባር ነዋሪዎች ሆነው ተገኙ። ለአዲስ ግንባታ ድጋፉን የገለጸው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። እኔም በዶክትሬት ትምህርቴ ዘመን እንዲህ ባለ የምሽት ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ተከራይ ነበርኩ፤ ለመናገር ተመዝግቤ ተራዬ ሳይደርስ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ተነሥቼ ወጣሁ። በዚያ ምሽት ቃለ ጉባኤ ላይ ስሜ የለም። ቤቱ ገና ያልተሠራለት ሰው ስምማ ጭራሽ ሊኖር አይችልም።

ካሊፎርኒያ መልሱን የፈለገችው ሥልጣኑን ወደ ላይ በመሳብ ነው። ከ1969 ጀምሮ እያንዳንዱ ከተማ የቤት ፍላጎቱን በዕቅድ እንዲያሳይ ሕግ ያዛል፤ ከ2023 እስከ 2031 ላለው ዘመን ለባሕረ ሰላጤው አካባቢ የተመደበው 441,176 ቤት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ የውድሳይድ ድርሻ 328 ነው። በ2008 የወጣውና የመሬት አጠቃቀምን ከልቀት ቅነሳ ጋር ያገናኘው ሕግ ግን የከተሞችን የመወሰን ሥልጣን ሳይነካ አልፏል፤ በእኔ አስተያየት ድክመቱ ይኸው ነው።

ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ ግን ሁልጊዜ ትክክል ነው ልላችሁ አልመጣሁም። በዚያው ግዛት በስተሰሜን ፓራዳይዝ የምትባል፣ 26,000 ያህል ሕዝብ የነበራት ከተማ አለች። በጫካ መሐል በሸንተረር ላይ የተሠራች ስትሆን፣ ቤቶቿ ከጠረፉ ከተሞች ይልቅ ርካሽ በመሆናቸው ብዙ ጡረተኞች ሰፍረውባት ነበር። በኖቬምበር 8 ቀን 2018 በተነሣው ሰደድ እሳት 85 ሰዎች ሞቱ፤ መውጫ መንገዶቹ በመኪና ተጨናንቀው ከመኪናቸው ሳይወጡ የሞቱም ነበሩ። «መንገዳችን ይህን ያህል ሰው አይችልም» የሚለውን፣ በየምክር ቤቱ እንደ ሰበብ የምንሰማውን ዐረፍተ ነገር፣ በፓራዳይዝ የሚናገር ሰው እውነቱን ነበር።

እንግዲህ ሁለት ከተሞች በአንድ ቋንቋ «አይሆንም» ቢሉ፣ አንዱን ከሌላው የምንለየው የተከለከለው ቤት የት እንደሚሄድ ስንጠይቅ ነው። ከውድሳይድ የተገፋው ቤት እሳትና ረጅም ጎዳና ወዳለበት ይሄዳል፤ ከፓራዳይዝ የሚገፋው ቤት ደግሞ ወደ ሥራና ወደ አውቶቡስ ይጠጋ ዘንድ፣ እንደ ውድሳይድ ያለች ከተማ በሯን መክፈት አለባት። ይህን ጥያቄ የመጠየቅ ግዴታ ያለበት ምክር ቤት በሁለቱም ከተሞች አልነበረም። የቀረውን ጊዜ ለእናንተ ጥያቄ እተዋለሁ።