ደም ዳገት ሲወጣ

ስለ ደም ዝውውር ሲወራ ሰው ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፋል። እኔ ብሆን ጎንበስ ብዬ ባቴን እይዝ ነበር። ልብ ዝናው በዝቶለታል፤ ዘፈኑም መሐላውም ሐዘኑም የእሱ ነው። ከእግር ጣት ተነሥቶ ሽቅብ የሚመለሰውን ደም ማን እንደሚያመጣው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ላስታን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ሊንቀው አይገባም። ተራራው ላይ ካለችው አሸተን ማርያም ወደ ላሊበላ መውረድ ማንንም አያስመካም፤ ወሬው ያለው መውጣቱ ላይ ነው።

መነሻው ትምህርት ቤት የተማርነው ነው። አዋቂ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው፤ ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል እየመታ ያንኑ 5 ሊትር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይገፋል። ደም ቅዳ ይወስዳል፣ ከፀጉር የቀጠኑ ደም ሥሮች ኦክስጅንና ምግብ ያድላሉ፣ ደም መልስ ይመልሳል፣ ሳንባ ያድሰዋል። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በዚህች ቅጽበት ደማችሁ የት እንዳለ ብጠይቃችሁ ብዙዎቻችሁ ልብ ውስጥ ትሉኛላችሁ። ሁለት ሦስተኛው ያህል ያለው ግን ደም መልሶች ውስጥ ነው። ደም ቅዳ ግድግዳው ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ልብ በገፋ ቁጥር ይነጥራል፣ ጣት ሲያርፍበት ትርታው ይሰማል። ደም መልስ ግን ስስና ልል ነው፤ አይመታም፣ አይሰማም፣ ደሙን ተቀብሎ ይሰፋል። ደሙ በቀጫጭኖቹ ሥሮች አልፎ እዚያ ሲደርስ የልብ ግፊት አልቋል ማለት ይቻላል፤ በደም ቅዳ 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ የነበረው ወደ 10 እና 15 ወርዷል። እንግዲህ ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሟል እንበል። ከልቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ከአንድ ሜትር በላይ የሚሆን የደም ዓምድ ተሸክሟል። የዚያ ዓምድ ክብደት ቁርጭምጭሚት ላይ ያለውን የደም መልስ ግፊት እስከ 90 ያደርሰዋል፤ ልሉ ሥር ይነፋል፣ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም እግር ውስጥ ይጠራቀማል።

ይህን ደም የሚያነሣው ባት ነው። የእግር ደም መልሶች በየጥቂት ሣንቲሜትሩ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ቀጫጭን ክዳኖች አሏቸው። ሰው ሲራመድ የባት ጡንቻ ተኮማትሮ በመካከሉ የሚያልፉትን ሥሮች ይጨምቃል፤ ደሙ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ክዳኑ ከኋላው ይዘጋበታል። ጡንቻው ሲላላ ባዶ የቀረው ሥር ከበታቹ ያለውን ይስባል። ጥቂት እርምጃ ብቻ በቁርጭምጭሚት ላይ ያለውን 90 ወደ 30 አካባቢ ያወርደዋል። ሁለተኛ ልብ ቢባል ያንስበታል እንጂ አይበዛበትም።

ይህን በዓይን ለማየት ከላሊበላ የገና ሌሊት የተሻለ ጊዜ አላውቅም። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ምእመኑ ጾመ ነቢያትን ጾሞ፣ ከዋግ ከራያ ከጎጃም ቀናት ተጉዞ፣ ውኃም ሳይቀምስ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል። ደብተራዎቹም ይቆማሉ፤ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ታዲያ ራሱን ስቶ የሚወድቀው ማን ነው? እኔ ባየሁት፣ አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ጉልበቱን ገትሮ የቆመው ጎረምሳ ነው። ሽማግሌው መሪጌታ አይወድቁም። ማኅሌቱ ሲጀመር ቁም ነው፤ ከዚያ መቋሚያው ይነሣና ዝማሜው ይመጣል፣ ሰውነት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ጉልበት እጥፍ ዘርጋ ይላል፤ ከበሮው ገብቶ መረግድ ሲሆን እግር ይረግጣል፤ በጽፋቱ ጭብጨባው ይደራል። ንጋት ላይ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲባል፣ ከላይ ዐለቱ ጠርዝ ላይ የተሰለፉትም ከታች ቅጥሩ ውስጥ ያሉትም አብረው ሲወዛወዙ ስንት መቶ ባት በአንድ ምት ደም እንደሚገፋ ሳስብ ደስታዬ ወሰን የለውም። ቅዱስ ያሬድ ይህን ሥርዓት የሠራው ስለ ደም መልስ አስቦ ነው አልልም። ክብደትን ካንዱ እግር ወዳንዱ እያዛወሩ መቆምና ተገትሮ መቆም ግን ለሰውነት አንድ አይደሉም። አንድ መሪጌታ ይህን ብነግራቸው ፈገግ አሉና፣ «ልጄ፣ ቆሞ ማደር የሚችለው የሚንቀሳቀስ ነው፤ እኛ ለተማሪው ስንነግረው ኖረናል» አሉኝ።

ጎረምሳው የወደቀው ደሙ እግሩ ውስጥ ስለቀረ ነው። ወደ ልብ የሚመለሰው ሲያንስ ልብ የሚገፋው ያጣል፤ አንጎል ደግሞ ለሰከንዶችም ቢሆን ጥማት አይችልም። መውደቁ ራሱ መድኃኒት ነው፤ ሲጋደም ልብና እግር እኩል ይሆናሉ፣ ደሙም ያለ ዳገት ይመለሳል። እዚህ ላይ ወገኖቼን ልቆጣ ነው። ሰው ሲወድቅ አራት ጠንካራ ሰዎች ብብቱን ይዘው ወዲያው ቀጥ አድርገው ያቆሙታል! ደም ወዳጣው አንጎል ደሙ እንዳይደርስ እየተጋገዙ መከልከል ነው። ተዉት፣ ይተኛ። እግሩን ከፍ አድርጋችሁ ያዙለት፤ ነጠላውንና መቀነቱን አላሉለት፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች በግራ ጎኗ አስተኟት። ጸበሉን እርጩለት፣ ግን ተኝቶ ይረጭ፤ ነፍሱን ሳያውቅ አፉ ውስጥ አታፍስሱ። በአንድና በሁለት ደቂቃ ካልነቃ፣ ወይም ከመውደቁ በፊት ደረቱን ካመመው፣ ጉዳዩ ሌላ ነውና ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ክዳኖቹን ለማመን ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ክንዳችሁን ከክርን በላይ በመሐረብ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ቀድሞ ያልታየው ሥር ይወጣል። አንድ ጣት ታች በኩል ሥሩ ላይ ተጫኑ፣ በሌላው ጣት ደሙን ወደ ላይ ጥረጉት። ባዶው ቦታ ከላይ አይሞላም፤ የታችኛው ጣት ሲነሣ ግን ፈጥኖ ይሞላል። ሲበቃችሁ መሐረቡን ፍቱት። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቬይ በ1628 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ደም እንደሚዞር ካስረዳባቸው ሙከራዎች አንዱ ይኸው ነው። ክዳኖቹን ቀድሞ የገለጻቸው መምህሩ ፋብሪሲየስ በጣሊያን ፓዱዋ ቢሆንም፣ ደሙን ወደ ልብ ብቻ እንደሚያሳልፉት አላስተዋለም። የሳንባውን ዙር ግን ከሁለቱም አስቀድሞ የጻፈው የደማስቆ ተወላጁ ኢብን አል-ነፊስ ነው። በ1213 እ.ኤ.አ. ሲወለድ ላስታ ላይ የነገሡት ንጉሥ ላሊበላ ነበሩ። ደም ከልብ ቀኝ ወደ ግራ የሚያልፈው በመካከሉ ባለው ግድግዳ ሳይሆን በሳንባ በኩል መሆኑን በ1242 እ.ኤ.አ. ጽፎታል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። «የደጋ ሰው ደሙ ወፍራም ነው፣ አየሩ ስለሳሳ» የሚል ወሬ ከአስጎብኚ እስከ ተማሪ ይነገራል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ለሚኖሩት እውነትነት አለው፤ በደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከፍ ያለ ነው። በእኛ ደጋ ግን አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክተው በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ውጤት ሌላ ነው። ሄሞግሎቢኑ በዴሲሊትር ለወንዶች በአማካይ 15.9፣ ለሴቶች 15 ግራም ሆነ፤ የኦክስጅን ሙሌቱም 95.3 በመቶ። ይህ በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ነው። ወፍራም ደም ደግሞ ሀብት አይደለም፤ ዳገት ሲወጣ ይዘገያል፣ ለመርጋትም ይቀርበዋል።

መርጋት ካልሁ ዘንድ፣ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ ላሊበላ በሚመጣው አውቶቡስ ውስጥ ጉልበት ታጥፎ ባት ሥራ ይፈታል። አልፎ አልፎ ከእግር ጥልቅ ደም መልሶች ውስጥ ደም ይረጋል፤ ከረጋው ተቆርሶ ሳንባ የደረሰ እንደሆነ ይገድላል። ተረከዝና ጣትን እያነሡ መጣል፣ መኪናው ሲቆም ወርዶ መራመድ ይበጃል። «ሽንት እንዳይመጣብኝ» ብሎ ውኃ ሳይጠጡ መዋል ጥሩ አይደለም። ከጉዞ በኋላ አንድ እግር ብቻውን ካበጠና ከከበደ አሹልኝ አትበሉ፤ ታዩ። የእግር ማበጥ ሁሉ ግን የደም መልስ ጉዳይ አይደለም። ከቀጫጭኖቹ ሥሮች ሾልኮ የሚወጣውን ፈሳሽ የሚሰበስብ ሊምፍ የሚባል ሌላ መመለሻም አለ፤ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ቀይ የደጋ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ይህ መንገድ ሊዘጋበትና እግሩ ሊያብጥ ይችላል። የደጋውን ዝሆኔ ከትል ሳይሆን ከአፈር ጋር ያያዘው በኢትዮጵያ ሲመራመር የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ደብረ ሊባኖስም ላሊበላም ጫማውን ለክብር የሚያወልቅን ሰው አልከለክልም። ከሥርዓቱ በኋላ እግር ይታጠብ፣ ጫማ ይደረግ።

የመመለሻው መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው ግን የወጌሻ እስር ነው። የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ያነጹት ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ ያለ ቅጥር የገባበት ውኃ መውጫ ካጣ እንደሚሞላ ስላወቁ የፍሳሽ ቦዩን ከዐለቱ ጋር አብረው ወቅረውታል። እጅም እንዲሁ ነው። ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ይሰበራል፤ ወጌሻው በቀርከሃ ስንጣሪ ደግፎ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ያስረዋል። ስብራት በራሱ ያብጣል፣ እስሩ ግን አይሰፋም። መጀመሪያ የሚዘጋው ግፊቱ ዝቅተኛ የሆነው ደም መልስ ነው። ደም ቅዳ በጉልበቱ መግባቱን ይቀጥላል፤ የሚወጣበት ግን የለም። እብጠቱ ይጨምራል፣ ቀጥሎ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ይጨፈለቃሉ፣ ጡንቻውም ኦክስጅን ያጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን የእጅ አንጓ ላይ ትርታው ሊመታ ይችላል።

የምጠላው አባባል እዚህ ጋ ነው፦ «ትርታው አለ፣ ምንም አይሆንም።» ከወላጅ ሰምቼዋለሁ፤ ከባለሙያ አፍ መስማቴ ደግሞ የባሰ አናዶኛል። ትርታ የሚናገረው ደም እየሄደ መሆኑን ነው፤ መመለሱን አይናገርም። ጡንቻ ደም አጥቶ ከ6 ሰዓት ገደማ በላይ ከቆየ ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጣቶቹ ይኮማተራሉ፤ ወይም ጋንግሪን ይገባና እጁ ይቆረጣል። በአገራችን ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ለልጆች እጅና እግር መቆረጥ ዋና ምክንያቶች ከሚሏቸው አንዱ ይህ እስር ነው። ወጌሻን ሁሉ ለመውቀስ አይደለም። አጥንት በጣታቸው የሚያነብቡ፣ ላላ አድርገው አስረው በማግስቱ የሚያዩ ወጌሻዎች አውቃለሁ። በጠባብ ጀሶም ይኸው ይደርሳል፤ ጀሶ ከሐኪም ቤት ስለመጣ ደም መልስ አያከብረውም።

ስለዚህ ጣቶች ከእስሩ ውጭ ይታዩ። ጥፍሩን ተጭናችሁ ልቀቁት፤ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ፣ ጣቱ ካበጠ፣ ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ አደጋ አለ። ጥፍሩ ቢቀላም ግን አትዘናጉ። ከሁሉ የሚቀድመው ምልክት ሕመም ነው፤ ከስብራቱ የባሰ፣ ጣቱን ቀስ አድርገው ሲዘረጉለት የሚያስጮኸው ሕመም። ልጁ «ፍቱልኝ» እያለ ሲያለቅስ ጨክን፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም አትበሉት። ፍቱለት፤ ጨርቁን ሁሉ፣ እስከ ቆዳው። ክንዱን በልቡ ልክ አስቀምጡት፤ ራሱን የሳተ ሰው እግር ከፍ እንደሚደረገው አይደረግም፣ ከፍ ካለ የሚደርሰው ደም ይብስ ያንሳልና። እብጠቱ ካየለ ቀዶ ሐኪም ቆዳውንና ጡንቻውን የሸፈነውን ጠንካራ ስስ ሽፋን በቁመቱ ሰንጥቆ ይከፍተዋል፤ ቁስሉም ለቀናት ሳይሰፋ ይቆያል። ከብዙ የላስታ ቀበሌዎች ይህን የሚሠራ ሆስፒታል ለመድረስ ግን በእግርም በመኪናም ሰዓታት ይሄዳሉ። እስሩ የሚፈታው እንግዲህ እዚያው ቤት ነው፤ መኪና የሚፈለገው ከተፈታ በኋላ ነው።