የሞተር ዘይት መፍሰስና የጥገናው ዋጋ

አንድ አባ ወራ መኪናው ባደረበት ስፍራ ጥቁር የዘይት ነጠብጣብ አይቶ ወደ ጋራዥ በሄደ ጊዜ፥ የተጠየቀውን ዋጋ ሲሰማ ወይ ተታለልሁ ብሎ ይቆጣል፥ ወይም ለልጆቹ ትምህርት ያኖረውን ገንዘብ አንሥቶ ያለ ምንም ጥያቄ ይከፍላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ መፍረድ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 የሠራተኛን ደመወዝ አሳድሮ መያዝም በሐሰተኛ ሚዛን መሸጥም በአንድነት ተከልክለዋል፤ ስለዚህ ክርስቲያን ሰው እንዳይበደል ብቻ ሳይሆን እንዳይበድልም ዋጋውን መርምሮ ማወቅ ይገባዋል።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፥ የዚህ ጥገና ዋጋ የሚመዘነው በሚለወጠው ዕቃ ሳይሆን ዕቃው ባለበት ስፍራ መሆኑ ነው። በሞተሩ አናት ላይ ያለው የቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮን ደርቆ ዘይት ቢያፈስስ፥ እርሱን መለወጥ በብዙ የቤት መኪናዎች የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው የኋላ ኦይል ሲል ግን፥ ራሱ ትንሽ የጎማ ቀለበት ሲሆን፥ እርሱን ለማግኘት ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ይህም ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። እንግዲህ «ለዚህች ጎማ ይህን ያህል ብር?» ማለት ትክክል አይደለም፤ የሚከፈለው ለጎማዋ ሳይሆን ለእጅ ነው። ካምቢዮው ከወረደ ዘንድ መካኒኩ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቆ እንደ ሆነ አይቶ አብረን እንለውጠው ቢል፥ ዋጋ ለመጨመር ነው ተብሎ ወዲያው አይጠርጠር፤ በሌላ ጊዜ ሁለተኛ የእጅ ዋጋ ከመክፈል ያድናልና።

ነገር ግን ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋው በሌላ ምክንያት ነው። ከላይ ከክዳኑ የሚወጣው ዘይት በሞተሩ ጎን ወርዶ፥ በጉዞም ጊዜ ነፋስ ወደ ኋላ እየገፋው፥ በካምቢዮው ሥር ይንጠባጠባል። ቸኩሎ ከሥር ብቻ ያየ መካኒክ የኋላው ኦይል ሲል ነው ይላል፤ ካምቢዮው ይወርዳል፥ ገንዘቡ ይከፈላል፥ ዘይቱም እንደ ቀድሞው ይፈስሳል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት፥ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ ተሸፍነው ሞተሩ ይታጠብ፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላም አዲስ ዘይት የታየበት ከፍተኛው ስፍራ ይፈለግ። ዘይት ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይፈስስምና ምንጩ በዚያ አጠገብ ይገኛል። «ከወዴት እንደሚወጣ አሳየኝ» ማለት ለመካኒኩ ስድብ አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በባትሪ እያበራ ያሳያል፥ እንዲያውም የሚጠይቀው ሰው በማግኘቱ ደስ ይለዋል። የሞተሩ መተንፈሻ ቧንቧ ተደፍኖ እንደ ሆነም ይታይ፤ እርሱ ከተደፈነ በውስጥ የሚታመቀው ግፊት በአዲሱ ጓርኒሲዮን በኩል እንኳ ዘይቱን ገፍቶ ያወጣዋል።

ከዚህ በኋላ ዋጋው በጽሑፍ ይሰጥ፤ የመለዋወጫው ለብቻው፥ የእጅ ዋጋውም ለብቻው። የመለዋወጫውን ዋጋ መርካቶ ጠይቆ ማመሳከር ቀላል ነው። የእጅ ዋጋውን ግን በሌላ ጋራዥ ስለዚያው ሥራ ጠይቆ ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ የክዳኑን ጓርኒሲዮን ዋጋ ከኋላው ኦይል ሲል ዋጋ ጋር ማነጻጸር ጤፍን ከገብስ ጋር በአንድ ዋጋ እንደ መጠየቅ ነው። ሥራው ስንት ሰዓት ይፈጃል? ከተሠራ በኋላ ዳግመኛ ቢያፈስስስ ማን ይጠግነዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የማይሰጥ ሰው ዋጋው ርካሽ ቢሆንም አያስተማምንም።

በ2016 ዓ. ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ ያለውን ጠግኖ መያዝ ለብዙ ቤተ ሰብ የግድ ሆኖአል። ሆኖም የሚያፈስስ ሁሉ ዛሬውኑ ይጠገን ማለት አይደለም። ሞተሩ ዘይት እያረጠበው መሬት ላይ የማይንጠባጠብ ከሆነ፥ የዘይት መለኪያውን ዘንግ በየሳምንቱ እያዩ የጎደለውን እየጨመሩ፥ ባልና ሚስት ተማክረው ገንዘቡን እስኪያዘጋጁ መቆየት ይቻላል። ዘይቱ በጋለው የጭስ ማውጫ ቧንቧ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አይዘገይ። በጉዞም ላይ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ እስከ ቤት ልድረስ ማለት ከጥገናው ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ሞተር ያቃጥላል። ከጎማ አጠገብ የተገኘው ፈሳሽ የሞተር ሳይሆን የፍሬን ዘይት የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ፥ መካኒኩ ወደ መኪናው ይምጣ እንጂ መኪናው ከቆመበት አይነሣ።