ሲሶው የምኑ ነው? ክፍልፋይና ፐርሰንት በአንድ ጥያቄ ሲመጡ

እስቲ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ እንጀምር። መኪናው 12 ተሳፋሪ ይዞ ተነሳ። ሐረጎ ላይ ከተሳፋሪዎቹ 1/3ኛው ወረዱ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ከቀሩት 25 በመቶው ወረዱ። በመንገድ ላይ የተሳፈረ ሰው የለም። ኮምቦልቻ የደረሱት ስንት ናቸው?

ይህን ጥያቄ ለማስጠናቸው የሰባተኛ ክፍል ልጆች ስሰጣቸው ብዙዎቹ ቶሎ ብለው «አምስት!» ይላሉ። አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ 25 በመቶ ማለት 1/4 ነው። 1/3 እና 1/4 ሲደመሩ 7/12 ይሆናሉ። ስለዚህ 7 ሰው ወረደ፣ 5 ቀረ። ፐርሰንቱን ወደ ክፍልፋይ መለወጣቸው ልክ ነው፤ ታህቱን አንድ አድርገው መደመራቸውም ልክ ነው። መልሱ ግን ስህተት ነው። የሚያናድደው ደግሞ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ስህተቱ አያሳብቅም። 5.04 ሰው ቢመጣባቸው ኖሮ ደንግጠው መለስ ብለው ያዩት ነበር።

አንድ ሦስተኛው የ12 ነው፣ ማለትም 4 ሰው። 25 በመቶው ግን የቀሩት የ8ቱ ነው፣ ማለትም 2 ሰው። ስለዚህ 6 ሰው ኮምቦልቻ ገባ። ክፍልፋዮችን መደመር የምትችሉት የአንድ ነገር ክፍልፋዮች ከሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ውስጥ ክፍልፋይ ወይም ፐርሰንት ባያችሁ ቁጥር እርሳሳችሁን ከማንሳታችሁ በፊት «የምኑ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «የቀረው» ከሆነ ማባዛት ነው፤ ከወረደው ይልቅ የቀረውን ብትከተሉ ደግሞ ሥራው ያጥራል፦ 12 × 2/3 × 3/4 = 6። በቃ።

«የምኑ?» የሚለው ጥያቄ የፈተና ብቻ እንዳይመስላችሁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ይሁን የሚለው አዋጅ እስከወጣበት ጊዜ ድረስ፣ ወሎን ጨምሮ በብዙ ቦታ ጭሰኛው ከምርቱ ለባለመሬቱ ያካፍል ነበር። እርቦ ሩብ ነው፣ ሲሶ አንድ ሦስተኛ፣ እኩል ደግሞ ግማሽ። ከዚህ ሌላ አሥራት የሚባል ግብር ነበር፤ ከምርቱ አንድ አሥረኛ፣ በዛሬ አነጋገር 10 በመቶ። አያቶቻችን ክፍልፋይን የተማሩት ከጥቁር ሰሌዳ ሳይሆን ከአውድማ ነው።

ለምሳሌ ያህል 30 ኩንታል ተመረተ እንበል። አሥራቱ ከሁሉም በፊት ከክምሩ ከወጣ 3 ኩንታል ይሄዳል፣ 27 ይቀራል። ከዚያ ላይ ሲሶው 9 ነው። ለጭሰኛው 18 ኩንታል ይደርሰዋል፤ ከምርቱ 60 በመቶ መሆኑ ነው።

አሁን ባለመሬቱ «መጀመሪያ ሲሶዬን፤ አሥራቱን አንተ ቻለው» ቢልስ? ሲሶው የ30 ሆነ፣ 10 ኩንታል። ለጭሰኛው 20 ቀረ። አሥራቱ ግን የጠቅላላው ምርት አሥረኛ ስለሆነ 3 ኩንታሉን ከራሱ ድርሻ ያወጣል። 17 ኩንታል፣ ወደ 56.7 በመቶ። አንድ ኩንታል፣ ማለትም 100 ኪሎ እህል፣ ከአንዱ ጎተራ ወደ ሌላው ተሻገረ። ሲሶውም ያው ሲሶ፣ አሥራቱም ያው አሥራት ነው፤ የተለወጠው የምኑ እንደሆነ ብቻ ነው። አሥራቱን ጭሰኛው ላይ መጣል ደግሞ በዚያ ዘመን የተለመደ ነገር ነበር።

ልዩነቱ የመጣው ከቅደም ተከተሉ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ቆይ። መጀመሪያ ሲሶው ወጥቶ አሥራቱ ከቀረው 20 ላይ ብቻ ቢታሰብስ? 2 ኩንታል ይወጣል፣ ጭሰኛው 18 ይይዛል። ልክ እንደ መጀመሪያው! ምክንያቱም 9/10 × 2/3 እና 2/3 × 9/10 እኩል ናቸው። ሁለቱም «ከቀረው» ከሆኑ ማንም ይቅደም ማን፣ የጭሰኛው ድርሻ አይለወጥም።

የኔን ጉድም ልንገራችሁ። ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ፣ ለምርምሬ ዕቃ ገዛሁ። ደረሰኙ ላይ ከነቫቱ 1,150 ብር ይላል። የቫቱን ልክ ለብቻው መጻፍ ነበረብኝና 1,150 ላይ 15 በመቶ አስልቼ 172 ብር ከ50 ሳንቲም ብዬ አስገባሁ። ልክ አይደለም። 15 በመቶው የዋናው ዋጋ ነው እንጂ የተከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ አይደለም። ዋናው ዋጋ 100 ቢሆን የምንከፍለው 115 ነው፤ ስለዚህ ቫቱ ከጠቅላላው 15/115 ነው፣ ሲቃለል 3/23። 1,150 ለ23 ሲካፈል 50፣ በ3 ሲባዛ 150 ብር። ቅጹን ያስተካከለችልኝ ሒሳብ ሠራተኛ በፈገግታ «ኢንጂነር!» ያለችኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እናንተ ደግሞ ይህን ሞክሩት፦ ከነቫቱ 920 ብር የተከፈለበት ጫማ ቫቱ ስንት ነው? 138 ካላችሁ፣ የምኑ 15 በመቶ እንደሆነ ጠይቁና እንደገና ሥሩት።