መድፍ የተጎተተበት ኮረብታ

ከካሪቢያኗ ደሴት ከሴንት ኪትስ ዋና ከተማ ከባስቴር ተነስቶ የምዕራቡን ባሕር ዳርቻ ይዞ ወደ ሳንዲ ፖይንት የሚጓዝ ሰው፣ ብቻውን ተነጥሎ የቆመ ኮረብታ ገና ከሩቅ ይታየዋል። ከግርጌው ጸጥ ያሉ መንደሮች አሉ። እሳተ ገሞራ ከመሬት ሆድ ገፍቶ ያወጣው ይህ ኮረብታ ከባሕር ወለል በላይ 230 ሜትር ያህል ይነሳል፤ በአካባቢው የሚሸተው ድኝ ብሪምስቶን ሂል የሚለውን ስም አሰጥቶታል። አናቱ ላይ የተቀመጠው ጥቁር ግንብ እንግሊዞች መቶ ዓመት ያህል ሲያስገነቡት የኖሩት ምሽግ ነው።

ነገሩ የጀመረው በመድፍ ጉተታ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደሴቲቱን እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ተካፍለዋት ነበር፤ እንግሊዞች መሐሉን፣ ፈረንሳዮች ሁለቱን ጫፎች ይዘው። ጉርብትናው ግን ሰላም አልነበረውም። ፈረንሳዮች ከኮረብታው ግርጌ የነበረውን ፎርት ቻርልስ የተባለ የእንግሊዞች ምሽግ ሲይዙባቸው፣ እንግሊዞች በ1690 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከባድ መድፍ ወደ ኮረብታው ጎትተው አወጡና ቁልቁል ደበደቧቸው፤ ምሽጋቸውንም አስመለሱ። ከዚያ በኋላ ኮረብታውን ባዶውን መተው የማይታሰብ ሆነ።

ለዚህች ትንሽ ደሴት ይህን ያህል መድከም ምን አመጣው ቢባል መልሱ ስኳር ነው። ሸንኮራ አገዳ የደሴቲቱን ለም መሬት ሞልቶት ነበር። አገዳውን የሚተክሉት፣ የሚቆርጡትና የሚጨምቁት ከአፍሪካ ታፍሰው የመጡ ባሪያዎች ነበሩ። ምሽጉንም የሠሩት እነሱ ናቸው። የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ንድፉን አወጡ፤ ድንጋዩን የፈለጠው፣ የጠረበው፣ በዚያ ገደል ላይ የተሸከመው ግን አፍሪካዊው ነው። ስለ ምሽጉ በሚነገረው ሁሉ መሐንዲሶቹ ቀድመው መወደሳቸው ፍትሕ አይመስለኝም።

ግድግዳውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ውፍረቱ ከሁለት ሜትር ያልፋል። ፊቱ ከኮረብታው ከራሱ የወጣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሆን፣ ሆዱ በኖራ በተያያዘ ጠጠርና ስብርባሪ ድንጋይ ተሞልቷል። በማዕዘኖቹ፣ በበሮቹ ዙሪያና መድፍ አፉን በሚያወጣባቸው ክፍተቶች ጠርዝ ላይ ግን ቀለሙ ይለወጣል፤ እዚያ ፈዘዝ ያለ የኖራ ድንጋይ ተጠርቦ ገብቷል። እሳተ ገሞራው ወደ ላይ ሲገፋ የኖራ ድንጋዩን ንጣፍ አብሮ ስላነሳው፣ በኮረብታው ጎንና ግርጌ ሁለቱም ይገኙ ነበር። የኖራ ድንጋዩ ከፊሉ ለጌጥ ተጠረበ፤ ሌላው ተሰባብሮ በእቶን ተቃጠለ፣ በውኃ ተፈታ፣ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ ማጣበቂያ ሆነ። የእቶኑን ሙቀት በዚያ ሐሩር አገር ቆሞ መጠበቅ ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም።

ግንቡ ይህን ያህል ቢጠነክርም በ1782 ወደቀ። በጥር ወር የአድሚራል ደ ግራስ መርከቦች 8,000 ያህል የፈረንሳይ ወታደሮችን አራገፉ፤ የምድሩን ጦር የሚመራው ማርኪ ደ ቡዬ ነበር። ኮረብታው ላይ ከሚሊሻው ጋር 1,000 የሚሆን ሰው ብቻ ነበር። ይባስ ብሎ፣ ለምሽጉ የመጡ ከባድ መድፎችና ጥይቶች ወደ ላይ ሳይወጡ ግርጌው ላይ ተቀምጠው ቆይተው ነበርና ፈረንሳዮች እንዳሉ አገኟቸው። እንግሊዞች በራሳቸው መድፍ ተደበደቡ። እንዲያም ሆኖ አንድ ወር ያህል ተቋቁመው በየካቲት እጃቸውን ሰጡ። በ1783ቱ የሰላም ውል ደሴቲቱ ስትመለስላቸው ምሽጉን የበለጠ አጠናከሩት፤ ከዚያ ወዲህ በኃይል የያዘው የለም።

ዛሬ ጎብኚው ቀጥ ባለው መውጫ ሲደርስ የሚያገኘው ዋናው ግንብ ፎርት ጆርጅ ይባላል። በአሜሪካ አህጉር እንግሊዞች ከሠሯቸው ባለ ብዙ ጎን ምሽጎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ቅስት ጣሪያ ያላቸው የወታደር ክፍሎች ሙዚየም ሆነዋል፤ ከደጅ ጥቁር መድፎች ወደ ባሕሩ ተደርድረዋል። ሰማዩ ጥርት ካለ ሲንት ዩስታሺየስና ሳባ ከማዶ ይታያሉ። በዛፎቹ መካከል የሚዘሉት ጦጣዎች ዘራቸው ከምዕራብ አፍሪካ በመርከብ የመጣ ነው።

በምሽጉ ስለነበሩት ጥቁር ወታደሮችም መናገር ግድ ነው። ብሪታንያ ከ1795 ጀምሮ በካሪቢያን የአፍሪካውያን ክፍለ ጦሮች ስታቋቁም፣ ብዙዎቹን ወታደሮች የገዛችው ከባሪያ ነጋዴዎች ነበር። እነዚህ ሰዎች በገዛ ወገናቸው ጉልበት በተሠራ ግንብ ላይ ዘብ ቆመዋል። ጦሩን ያገለግሉ የነበሩ ባሪያዎች የኖሩባቸውን ቤቶች ቅሪትም የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ አውጥቶታል፤ በእኔ እይታ ከመድፎቹ ይልቅ ክብደት ያለው ግኝት ይህ ነው።

ጦሩ በ1853 ለቆ ሲወጣ ምሽጉ ባለቤት አጣ። የሚሸጠው ተሸጠ፤ ድንጋዩም ለሌላ ሕንፃ እየተነቀለ ተወሰደ። በ1965 የተቋቋመ የአገሬው ማኅበር ግን ግድግዳውን ደረጃ በደረጃ መልሶ አቆመው፤ በ1999 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው መኪናው ወደ ላይ ከመታጠፉ በፊት ግርጌው ላይ ያለውን የኖራ እቶን ወርዶ ይይ። ብዙ ሰው ወደ አናቱ ቸኩሎ ያልፈዋል፤ የግንቡ ሥራ የሚገባው ግን ከዚያ ሲጀምሩ ነው።