ሳቲን በጉልበት አይሰፋም

ፓርክዴል ላይ አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ በእጃችን የሰፋነውን የሕፃን ብርድ ልብስ መያዝ ደስ ይላል። የሚያስቸግረው ዙሪያውን የሚሄደው ሳቲን ነው፤ ስፒል ቢወጉበት ቀዳዳው ይቀራል፣ መኪና ስር ሲገባ ይንሸራተታል።

የጠርዝ ሳቲን፣ 501 ትራም ይዛችሁ ክዊን እና ስፓዳይና አካባቢ ብትወርዱ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ታጥፎ ነው የሚሸጠው። የብርድ ልብሱን ዳር እስከ እጥፋቱ አስገቡና መጀመሪያ በእጅ ወስውሱት፤ ቀጭን መርፌ፣ ለየት ያለ ቀለም ክር። ማዕዘን ላይ ሳቲኑን በሰያፍ አጥፉት። ከዚያ መኪናው ላይ አዲስ 70 ቁጥር መርፌ አድርጉና ሳትጎትቱ፣ ቀስ ብላችሁ በዚግዛግ ስፉ። ስትጨርሱ ውስዋሱን ፍቱ፤ ገልብጣችሁም እዩ። ከስር ያልተያዘ ቦታ ካለ የሕፃኑ ጣት ይገባበታል። ካውያው ለብ ያለ ይሁን፤ ፖሊስተር ሳቲን ይቀልጣል።

አንድ አደራ ግን አለ። ሕፃኑ አንድ ዓመት እስኪሞላው ሲተኛ አልጋው ውስጥ አታድርጉለት፤ ሊያፍነው ይችላል። እስከዚያ ወለል ላይ አንጥፉለትና አጠገቡ ሆናችሁ በሆዱ ይጫወትበት። ጠርዙን ይዞ ሲጎትት ያኔ ስፌታችሁ ይፈተናል።