ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር፤ በስልክ ስለሚመጣ ዜና
(ለአዲስ ጎልማሳ አንባቢዎች በሬዲዮ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር)

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ወሬ ነው። ወሬ ስንል ሐሜት ማለታችን አይደለም። ዝናቡ የት ዘነበ? እህል በገበያ ስንት ገባ? መንገዱ ሰላም ነው ወይ? የእርዳታ ስንዴ መቼ ይታደላል? ይህን ሁሉ ሰው ማወቅ ይፈልጋል። ወሬውን ጠይቆና አጣርቶ የሚያቀርብ ባለሙያ ጋዜጠኛ ይባላል። ተጣርቶ የቀረበው ወሬ ደግሞ ዜና ይባላል። ዛሬ ግን ብዙ ወሬ ሳይጣራ በስልክ እየመጣ ነው። ይህ ነገር ምን ጥቅም አለው? ምንስ ጉዳት አለው? እስቲ በየተራ እንየው።

ወሬ በእግር ሲሄድ

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ ወሬ ድሮ በእግር ነበር የሚሄደው። ከዝቋላ የመጣ ገበያተኛ የዝቋላን ይናገራል። ከደሃና የመጣው የደሃናን፣ ከአበርገሌ ፍየል ነድቶ የመጣውም የአበርገሌን ይናገራል። ወሬው አዝጋሚ ነበር። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ነበረው። ተናጋሪው ፊት ለፊታችን ቆሟል። የማን ልጅ እንደሆነ እናውቃለን። «ማን ነገረህ? አንተ በዓይንህ አይተሃል?» ብለን እንጠይቀዋለን። ቢዋሸን በሚቀጥለው ገበያ እናገኘዋለን። ስለዚህ ሰው ውሸት ለመናገር ያፍር ነበር።

ቀጥሎ ሬዲዮና ጋዜጣ መጡ። በሬዲዮ ጣቢያ አንድ ሰው ብቻውን ወሬ አያወጣም። ዘጋቢው ቦታው ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። አርታዒው የተጻፈውን አንብቦ «ይህን ማን አለ? ሌላው ወገንስ ምን ይላል?» ይለዋል። ስሕተት ቢገኝ ጣቢያው ማረም አለበት። ሥራው እንዲህ ነው መሆን ያለበት። በዘመናት ውስጥ ግን እንዲህ ያልሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዝምታ የጎዳን ጊዜ

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት ታላቅ ረሀብ ነበር። ዋግም ያን ጊዜ በወሎ ሥር የነበረ አውራጃ ነው። ሕዝቡ እያለቀ ሳለ መንግሥት ነገሩን ደበቀው። የአገሩ ጋዜጣና ሬዲዮ ዝም አሉ። ዓለም ጉዳዩን በሰፊው ያወቀው በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «ያልታወቀው ረሀብ» የተባለውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ያሳየው ያን ጊዜ ነበር።

ከ11 ዓመት በኋላም ረሀቡ ተመለሰ። ከዋግ በስተምሥራቅ ባለችው በኮረም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተሰብስቦ እርዳታ ይጠብቅ ነበር። ማይክል ቡርክ የተባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛና መሐመድ አሚን የተባለው ኬንያዊ የፊልም አንሺ ያዩትን ቀርጸው ወሰዱ። ፊልሙ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ታየ። ዓለም ደነገጠ፣ እርዳታም ጎረፈ። ታዲያ ልብ በሉ። ረሀቡ በዚያን ቀን አልተጀመረም። ብዙ ወራት ቀድሞት ነበር። ከውጭ አገር ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ድረስ ግን የዋግ ገበሬ የሚናገርበት መንገድ አልነበረውም።

ዛሬ አንድ የሰቆጣ ወጣት የደረቀ ማሳ በስልኩ ቀርጾ ሲልክ አዲስ አበባም ባሕር ማዶም በደቂቃ ይታያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዝምታ ሰው ይገድላል። ዝምታውን የሚሰብር መሣሪያ በእጃችን መግባቱ ጥሩ ነው።

ማኅበራዊ መገናኛ ምንድን ነው?

ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ ሲባል ትሰማላችሁ። እነዚህ ማኅበራዊ መገናኛ ይባላሉ። ስልክና የኢንተርኔት መስመር ያለው ሰው ሁሉ ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ፎቶግራፍና ፊልም ሊያወጣባቸው ይችላል። ፈቃድ የሚሰጠው አርታዒ የለም።

እነዚህ መሣሪያዎች የጋዜጠኛን ሥራ በሦስት መንገድ ለውጠውታል።

አንደኛ፣ ወሬ ነጋሪው ተለውጧል። በ2001 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ከተማ አንድ አውሮፕላን ሁድሰን በሚባል ወንዝ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ከተሰራጩት ፎቶግራፎች ታዋቂ የሆነውን ያነሣው ጋዜጠኛ አልነበረም። በጀልባ ላይ የነበረ መንገደኛ ነው፤ በስልኩ አነሣና በትዊተር አወጣው።

ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ ተለውጧል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። 157 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ጠዋት የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የሐዘን መግለጫውን ያወጣው በትዊተር ነው። ዛሬ መንግሥት ራሱ ትልቁን ወሬ አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ይናገራል። ጋዜጠኛውም ከዚያ ላይ ይቀዳል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታይ ያለው ቲክቫህ ኢትዮጵያ የሚባለው የቴሌግራም ገጽም አለ። ሰዎች ካሉበት ቦታ መልእክት ይልኩለታል፤ እሱም መልሶ ለሕዝብ ያወጣል።

ሦስተኛ፣ መራጩ ተለውጧል። በሬዲዮ የትኛው ወሬ ይቅደም የሚለው አርታዒ ነው። በስልክ ላይ ግን የሚመርጠው ሰው አይደለም፤ የኩባንያው የሒሳብ ቀመር ነው። ቀመሩ «ይህ እውነት ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። «ሰው ይህን ቢያይ ይቆያል ወይ? ይጽፋል ወይ? ለሌላ ያስተላልፋል ወይ?» ብሎ ነው የሚያሰላው። ኩባንያው ገንዘብ የሚያገኘው በማስታወቂያ ነው። ሰው ብዙ በቆየ ቁጥር ብዙ ማስታወቂያ ያያል። ታዲያ ሰውን ቶሎ የሚይዘው ምንድን ነው? ቁጣና ፍርሃት ነው። ስለዚህ የሚያስቆጣ ወሬ ይሮጣል፤ ረጋ ያለው ወሬ ወደ ኋላ ይቀራል። በዩቲዩብም ብዙ ተመልካች ያገኘ ሰው ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል። አንዳንዱ «ሰበር ዜና» ብሎ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ሰበር ዜና ማለት አሁን የደረሰ፣ ገና ተጣርቶ ያላለቀ ትኩስ ወሬ ማለት ነው። ትኩስ ነገር ደግሞ አፍ ያቃጥላል።

ውሸት ሲያቃጥል

በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ አገራችን ጦርነት ሲጀመር የሌላ አገር ጦርነትና አደጋ ፎቶግራፎች «የኛ ነው» እየተባሉ ተሰራጭተዋል። አንዳንዱ የብዙ ዓመት ፎቶግራፍ ነበር። ዛሬ ደግሞ ያልነበረ ሰው፣ ያልተነገረ ንግግር በኮምፒዩተር ተሠርቶ እውነት ይመስላል። «በዓይኔ አየሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

አንድ የሚያሳዝን ነገር እንንገራችሁ። ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። የትግራይ ተወላጅ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን የያዘ የክስ ጽሑፍ በፌስቡክ ወጣባቸው። ፍርድ ቤት አልቀረቡም፤ ማስረጃ አልታየባቸውም። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው «ጽሑፉ እንዲነሣ ለኩባንያው አመልክተን ነበር፤ በጊዜ አልተነሣልንም» ይላል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ኩባንያው «የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ አለ።

እንግዲህ አስቡት። ያንን ጽሑፍ የጻፈው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ያስተላለፉት ግን ብዙ ናቸው። እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ነው በጣቱ የነካው። ብዙ ጣት ሲደመር የሰው ሕይወት ላይ ይደርሳል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለም? ከስልክ የወጣማ ከአፋፍም ያልፋል።

መስመሩ ሲዘጋስ?

«ታዲያ ኢንተርኔቱን መዝጋት አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተሞክሯል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት አንድ ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆየ። በዚያው ጊዜ በዋግ ኽምራ ድርቅ ነበር። በሳህላ፣ በዝቋላ፣ በአበርገሌና በጻግብጂ ከብት አለቀ፤ ሰው ተራበ። ችግሩን በፎቶግራፍና በፊልም አሳይቶ ለወገን መድረስ ከባድ ሆነ። ከዚያ በፊትም በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ዋግ ሲደርስ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ሰው የዘመዱን ሞትና ሕይወት ሳያውቅ ወራት ከርሟል። መስመር ሲዘጋ ውሸት አይሞትም። በአፍ ይሄዳል። እውነቱን ይዞ የሚያርመው ነው የሚጠፋው።

ሕግም ወጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሁከት ወይም ግጭት ሊያስነሣ የሚችል ሐሰተኛ ወሬ ማሰራጨትን ይከለክላል። ሐሰት መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ያሰራጨ ሰው እስከ 1 ዓመት ቀላል እሥራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይደርስበታል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ያሰራጨ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። ሕጉ ግን ሁልጊዜ ከወሬው ኋላ ነው የሚደርሰው። ከወሬው በፊት መድረስ የሚችለው አንባቢው ነው።

እኛ ምን እናድርግ?

እንበልና አንድ ቀን «ነገ ሰቆጣ ላይ የእርዳታ እህል ይታደላል» የሚል መልእክት መጣ። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ፣ ከቆላው ተነሥታ፣ ቀኑን ሙሉ በእግሯ መጣች። እህል የለም። መልእክቱ ያለፈው ዓመት ነው። ቀኑን አይቶ የነገራት ሰው አልነበረም። ይህ ትንሽ ስሕተት ይመስላል። ለእሷ ግን የሁለት ቀን መንገድና የልጆቿ ራት ነው።

ስለዚህ በስልክ ወሬ ሲመጣ አምስት ነገር ጠይቁ።

1. ማን ጻፈው? ስም አለው? የታወቀ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ነው? «ተብሏል» ብቻ ከሆነ ቆም በሉ።
2. መቼ ተጻፈ? ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን አንብቡ።
3. የት ሆነ? ቦታው በስም ተጠርቷል? እዚያ ዘመድ ካላችሁ ደውሉና ጠይቁ።
4. ሌላ ማን ተናገረው? ሬዲዮው ብሏል? አሚኮ በአማርኛ ወይም በኽምጠኛ ዝግጅቱ አውርቶታል? እንደ ኢትዮጵያ ቼክና እንደ ሀቅቼክ ያሉ አጣሪዎችስ ምን ይላሉ?
5. ምን እንዳደርግ ይፈልጋል? ወሬው «ቶሎ አስተላልፍ፣ ተነሥ፣ በቀል፣ ገንዘብ ላክ» የሚል ከሆነ በጣም ተጠንቀቁ። እውነት አያስቸኩልም።

እነዚህን ካላገኛችሁ አታስተላልፉ። ዝም ማለት የማይቻል ሆኖ ከተሰማችሁ «ይህን አላጣራሁም» ብላችሁ ተናገሩ።

ጋዜጠኛውም የራሱ ግዴታ አለበት። በፍጥነት ከስልክ ጋር መወዳደር አይችልም። በማጣራት ግን ይበልጣል። ፊልሙ የት እንደተነሣ ይጠይቅ፤ ሁለቱንም ወገን ያነጋግር፤ ሲሳሳት በግልጽ ያርም። ሕዝቡ የሚያምነው ሬዲዮ ካጣ የቀረው ስልክ ብቻ ነው። ጣቢያው እውነቱን ሲደብቅ ሰው ወደ ሐሰተኛው ወሬ ይሮጣል። በ1965 ዓ.ም. ዝምታው የጎዳን አይበቃም?

ውድ አዳማጮችና አንባቢዎች፤ ቀደም ሲል «ልጄ፣ ስልኩ ምን ይላል? እስቲ አንብብልኝ» ትሉ ነበር። ልጁ ያነበበላችሁን ታምናላችሁ። አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ራሳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ማንበብ ማለት የተጻፈውን ሁሉ ማመን አይደለም። የተጻፈውን መጠየቅ መቻል ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እስኪነጋ መታገሥ ደግሞ የእያንዳንዳችን ፈንታ ነው።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ድሮ ገበያ ላይ የሚነገር ወሬና ዛሬ በስልክ የሚመጣ ወሬ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሀብ ጊዜ ስልክ በእጃችን ቢኖር ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?
3. በቀበሌያችሁ በሐሰተኛ ወሬ የተጎዳ ሰው ታውቃላችሁ? ስም ሳትጠሩ ተነጋገሩበት።
4. አንድ የስልክ መልእክት ይዛችሁ አምስቱን ጥያቄዎች በላዩ ላይ ሞክሩ። መልእክቱ ስንቱን መለሰ?